ቾሎል፦ ቡናው የገበሬው፣ መሬቱ የማን?

የጆግጃ ተማሪ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። የምኖረው ጆግጃካርታ ነው፣ ኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ላይ። ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። የማደሪያ ጓደኛዬ የፍሎረስ ልጅ ነው፣ ከማንጋራይ ሕዝብ። በዕረፍት ወደ ቤተሰቦቹ ይዞኝ ሄዶ ነበርና ስለ መንደራቸው ልጻፍላችሁ። መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለኝ፣ ሳታነቡ እንዳትመልሱ።

መንደሩ ቾሎል ይባላል። ኢንዶኔዥያውያን ራሳቸው ብዙዎቹ አያውቁትም። ምሥራቅ ማንጋራይ አውራጃ ነው፣ ምሥራቅ ኑሳ ተንጋራ ክፍለ ሀገር። መጀመሪያ በአውሮፕላን ላቡዋን ባጆ፣ ከዚያ በመኪና ሩቴንግ ከተማ፣ ከሩቴንግ በኦቶ ኮል። ኦቶ ኮል የጭነት መኪና ነው፣ ኋላው ላይ የእንጨት አግዳሚ ተደርድሮ ጣሪያ የተሠራለት። ሰው፣ ዶሮ፣ ሲሚንቶ፣ የሩዝ ጆንያ አብሮ ይጫናል። አስፋልቱ ቦታ ቦታ ላይ ያልቃል። ሙዚቃው ግን አያልቅም፣ ጆሮ ያደነቁራል።

መንደሩ ተራራ መሃል ነው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ። ማታ ይበርዳል። በዚህ አገር ጋቢ የናፈቀኝ እዚያ ብቻ ነው። ቤቶቹ ቆርቆሮ ናቸው፣ አንዳንዱ እንጨት አንዳንዱ ብሎኬት። በየደጁ ሸራ ተነጥፎ ቡና ተሰጥቷል። ዶሮ እንዳይገባበት አንዲት ትንሽ ልጅ ዘንግ ይዛ ትጠብቃለች፣ ዓይኗ ግን ስልክ ላይ ነው። የጓደኛዬ እናት ቡናውን ቆላችና በእንጨት ሙቀጫ ወቀጠችው። ዱቄቱን ብርጭቆ ውስጥ ጨምራ የፈላ ውሃ አፈሰሰችበት፣ ስኳሩን አትጠይቁኝ። ጀበና የለም፣ አተላው ሥሩ እስኪዘቅጥ ትጠብቃላችሁ። የሙቀጫው ድምፅ ብቻ ሆዴን አላወሰው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። (ቀኑም፣ ወሩም፣ ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በፈረንጅ ነው።) ቡናውን ያስገቡት ሆላንዶች ናቸው። በ1937 የቅኝ ገዢው መንግሥት የቡና ማሳ ውድድር አድርጎ ለቾሎል ሰዎች የሽልማት ባንዲራ ሰጣቸው። «የማሳ ውድድር» የሚል ጽሑፍ አለበት፣ እስካሁን ይጠብቁታል። ማለትም በ1937 ማሳው የእነሱ እንደሆነ መንግሥት በባንዲራ መስክሯል። ችግሩ፣ ያው ቅኝ ገዢ ዙሪያውን ያለውን ተራራ «ደን» ብሎ ከለለው። ነፃነት መጣ፣ ክልሉን አዲሱ መንግሥት ወረሰው። በ1993 ደግሞ የሩቴንግ የተፈጥሮ ፓርክ ተባለ፣ 32,000 ሄክታር ገደማ። የገበሬው የቡና ማሳ ከፊሉ በወረቀት ላይ ደን ውስጥ ሆኖ ቀረ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአውራጃው አስተዳደር ሠራዊት ይዞ መጣና ቡናውን ጨፈጨፈው። ያፈራ ቡና ነው! ሰው ልጁን የሚያስተምርበት። ከዚያ መጋቢት 2004 ጥቂት ገበሬዎች ማሳ ውስጥ ተያዙ። በማግስቱ፣ መጋቢት 10፣ ረቡዕ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቾሎል ሰዎች በኦቶ ኮል ተጭነው ሩቴንግ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፣ ይፈቱልን ብለው። ፖሊስ ተኮሰ። 6 ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ቆሰሉ፣ አካላቸው የጎደለም አሉ። «ደም ያለበት ረቡዕ» ይሉታል። የጓደኛዬ አባት እዚያ ነበሩ። ስለሱ አላወሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ጓደኛዬ በቅርቡ ይመረቃል፣ አግሮኖሚ ነው ያጠናው። ቤተሰቡ ይመለስልን ይላል። እሱ ግማሽ ልቡ እዚያ ነው፣ ግማሹ ጃካርታ። «እናንተ የቡና አገር ሰዎች ናችሁ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?» አለኝ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ቡና ሲቆላ እንጂ ሲለቀም አላየሁም። እናንተ ንገሩት።

---

አቤ ከኮተቤ

ስለ ባሊ ሆቴል መስሎኝ ገብቼ ደም ያለበት ረቡዕ አገኘሁ። ግን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ፎቶ የለም?

---

የጆግጃ ተማሪ

አለ፣ ግን ሰዎቹን ሳላስፈቅድ አልለጥፍም።

---

ጅማ ሰፈር

ወንድሜ፣ እኔ ቡና ውስጥ ነው ያደግሁት፣ አባቴ አቅራቢ ነበር፣ እኔም እዚያው ነኝ። ምክር ከመስጠቴ በፊት መልስልኝ። አንደኛ፣ ዝርያው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ የሚሸጡት እሸት ነው፣ ጀንፈል ነው ወይስ አጥበው? ሦስተኛ፣ ማነው የሚገዛቸው? ይሄ ሳይታወቅ «ተመለስ፣ አትመለስ» ማለት ጨዋታ ነው።

እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ «አቢሲኒያ» የሚባል የቡና ዝርያ አለ። በ1928 ነው ሆላንዶች ከእኛ አገር ወደ ጃቫ የወሰዱት፣ በኋላ ሱማትራ ጋዮ ተራራ ላይ ደረሰ። ስማችን እዚያ ሲለቀም ይውላል።

---

የጆግጃ ተማሪ

ጅማ ሰፈር፣ ጥያቄህን ልኬለት መልሱን አምጥቻለሁ።

ዝርያው ድብልቅ ነው። አረቢካም ሮቡስታም አላቸው። አዛውንቶቹ የሚኮሩበት ግን «ጁሪያ» የሚሉት ነው፣ ሆላንዶቹ ያመጡት፣ ታይፒካ የሚባል አሮጌ የአረቢካ ዝርያ። ዛፉ ረጅም ነው፣ መሰላል ይፈልጋል፣ ምርቱ ትንሽ ነው፣ ጣዕሙን ግን አትጠይቀኝ። ወጣቶቹ ቢጫ ካቱራ ይመርጣሉ፣ አጭር ነው፣ ቶሎ ያፈራል። ስለዚህ ያንተ አቢሲኒያ አይደለም። ግን ታይፒካም ቢሆን በየመንና በሕንድ ዞሮ የመጣ የእኛው ዘር ነው፣ አይደል?

አሻሻጡ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። አብዛኛው ሰው ከነገለፈቱ ወይም ገና እርጥብ እያለ ፈልፍሎ ለሰብሳቢ ነው የሚሸጠው። ሰብሳቢው እዚያው መንደር ያለ ሱቅ ነው። ሩዝም፣ ሲጋራም፣ ብድርም የሚሰጠው እሱ ነው። «ኢጆን» የሚሉት አለ፣ ቡናው ገና አበባ እያለ ወይም አረንጓዴ እያለ ለባለ ሱቁ ይሸጣል። ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ለቅሶ ሲመጣ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ሰርግ ሲደርስ ሰው ወደ ኢጆን ይሄዳል። በ2025 መጀመሪያ የአረቢካ ዋጋ ኒውዮርክ ላይ ፓውንዱ ከ4 ዶላር ሲያልፍ እኮ ብዙዎቹ ቡናቸውን ቀድመው ሸጠውት ነበር፣ በድሮው ዋጋ።

---

ጅማ ሰፈር

በቃ ገባኝ። የአራጣ ነገር ነው። ችግሩ ዛፉ ላይ አይደለም፣ ከለቀማ በፊት ባሉት ወራት ኪስ ውስጥ ብር አለመኖሩ ነው። ጓደኛህ አግሮኖሚ ተምሮ የቡና ቅርንጫፍ ስለ መግረዝ ሊያስተምራቸው ከሆነ የሚመለሰው ይቅርበት። እነሱ ከእሱ በላይ ያውቃሉ። የሚያስፈልጋቸው ከባለ ሱቁ በፊት ብር የሚያበድራቸው ነው።

---

ተጠራጣሪው

እኔ ደግሞ ሌላ ልበል። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሲነበብ ደስ ይላል፣ ግን መፍትሔው ቱሪዝም ነው። ላቡዋን ባጆ ኮሞዶ የሚባለውን ግዙፍ እንሽላሊት ለማየት የሚኬድበት በር አይደለም እንዴ? መንግሥት ብዙ ገንዘብ አፍስሷል፣ በ2023 የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር (አሴያን) ጉባኤ እንኳ እዚያ ነው የተካሄደው። እዚያው ማንጋራይ ውስጥ ዋይ ረቦ የሚባል መንደር አለ፣ የሾጣጣ ቤቶቹን ፎቶ አይታችሁ ይሆናል። በ2012 የዩኔስኮ ሽልማት ተቀብሏል። ፈረንጅ በእግሩ ተራራ ወጥቶ ወለል ላይ ተኝቶ ይከፍላል። ቾሎል ለምን እንደዚያ አያደርግም?

---

የጆግጃ ተማሪ

ተጠራጣሪው፣ ዋይ ረቦ አልሄድኩም፣ ጓደኛዬ ግን ዘመድ አለው። ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን እስከ ጥግ ድረስ ተመልከተው። ቤቶቹ 7 ናቸው። በ2000ዎቹ ውስጥ የቀሩት 4 ነበሩ፣ ሌሎቹ ፈራርሰው። ዮሪ አንታር የሚባል የጃካርታ አርክቴክት ከ2008 ጀምሮ ሰው አስተባብሮ፣ ገንዘብ ፈልጎ፣ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው እንደ አያቶቻቸው ሠሯቸው። ያለ ሚስማር፣ ራታን በሚባል ሐረግ እየታሰረ። ይሄ የሚደነቅ ነው።

ነገር ግን ዋይ ረቦ ያሉት ሰዎች ዛሬም ዋናው እንጀራቸው ቡና ነው። ቡና ተሸክመው ይወርዳሉ፣ ሩዝ ተሸክመው ይወጣሉ። ላይ ተራራው ላይ ትምህርት ቤት የለም። ልጆቹ ከታች፣ ኮምቦ የሚባል መንደር፣ ከዘመድ ጋር ነው የሚኖሩት። ቱሪስቱ «ንጹህ ሕይወት» ብሎ ፎቶ ሲያነሳ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ እዚያ የለም። እና ሾጣጣ ቤት የሌለው መንደርስ? ቾሎል ቆርቆሮ ነው እኮ። ቆርቆሮ ለማየት ማን ይመጣል?

---

ተጠራጣሪው

ቡና ለማየት ይመጣል። እኛም አገር ጀምረናል።

---

የጆግጃ ተማሪ

እሱስ ይሞከራል፣ የሚመጡ አሉ። መንገዱ ግን ሆድ ያስመልሳል፣ ያልኩህን ኦቶ ኮል አስታውስ።

---

ሰብለ ከጅዳ

እኔ ኢንዶኔዥያ አልሄድኩም፣ ኢንዶኔዥያ ግን እኔ ጋ መጥታለች። ጅዳ ስሠራ አንድ ቤት ውስጥ ከአንዲት የጃቫ ሴት ጋር ነበርን። እኔ ልጆቹን፣ እሷ ኩሽናውን። ዓረብኛችን ሁለታችንም የኩሽና ዓረብኛ ነው፣ ግን ተግባባን። የመጣችው ኢንድራማዩ ከሚባል አገር ነው። መንደሯ ውስጥ ሴራሚክ የተለጠፈበት ቤት ካያችሁ እናትየዋ ሳዑዲ ወይ ታይዋን ነች ትለኝ ነበር። የሷም ቤት ሴራሚክ ገብቶለት ነበር፣ እሷ ግን በፎቶ ነው የምታውቀው።

በ2013 የኢትዮጵያ መንግሥት ወደ ዓረብ አገር መላክ ሲያቆም ሳቀችብን፣ «አሁን የእናንተን ሥራ እኛ እንሠራለን» ብላ። በ2015 ደግሞ የእነሱ መንግሥት ከልክሎ ተራው የእኔ ሆነ። ሁለት ኢንዶኔዥያውያን የቤት ሠራተኞች ሳዑዲ ውስጥ በሞት ከተቀጡ በኋላ ነው የቆመው፣ ለ21 አገሮች። ክልከላው ግን የሚሄደውን አላስቀረም፣ ዋጋውን ነው ያስወደደው። የእኛም እንደዚያው።

ለጓደኛህ የምለው፦ የተማረ ሰው ቢሄድ ቢመለስ አማራጭ አለው። እስቲ ያልተማሩት እህቶቹ ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠይቀው።

---

የጆግጃ ተማሪ

እህት ሰብለ፣ ጠየቅሁት። ታላቅ እህቱ አግብታ ሌላ መንደር ነች። ወንድሙ ማሌዥያ ነው፣ የፓልም ዘይት እርሻ ላይ። ያለ ወረቀት ነው የሄደው። ከእነሱ ክፍለ ሀገር ወደ ማሌዥያ የሚሄደው ብዙ ነው። እዚያ የሚሞቱት ሬሳ በአውሮፕላን ኩፓንግ፣ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ፣ ይደርሳል፣ በዓመት ከመቶ በላይ የተቆጠረባቸው ዓመታት አሉ። ኩፓንግ ኤርፖርት የጭነት በር ላይ ሻማ ይዘው የሚጠብቁ መነኮሳይት አሉ።

ወንድሙ በየሦስት አራት ወሩ ይልካል። የጓደኛዬ የመጀመሪያ ዓመት ክፍያ ከዚያ ነው የመጣው። ቀሪው ከድግሱ።

---

ወለላ

የምን ድግስ?

---

የጆግጃ ተማሪ

ይሄን ሳልነግራችሁ ልቀር ነበር፣ ዋናው እኮ እሱ ነው። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቤተሰቡ ድግስ ይጠራል፣ «ፔስታ ስኮላ» ይሉታል፣ የትምህርት ቤት ድግስ። የቆየ የመሸኛ ሥርዓት አላቸው፣ ዉአት ዋኢ የሚባል፤ ሽማግሌ ዶሮ ይዞ ይመርቃል፣ ተጓዡ ይሸኛል። ድግሱ እዚያ ላይ የበቀለ ነው።

እኛ በሄድንበት ሰሞን የጎረቤት ልጅ ነበረች፣ ነርሲንግ ማካሳር የምትገባ። ድንኳን ተተከለ፣ የድምፅ ማጉያው ከቤቱ ይበልጣል። አሳማ ታረደ። በሩ ላይ ጠረጴዛ አለ፣ ሁለት ወጣቶች ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። የገባው ሁሉ ፖስታ ይሰጣል፣ ፖስታው እዚያው ይከፈታል፣ ስምና ብር ይጻፋል። አንዱ 50 ሺህ ሩፒያ፣ አንዱ 100 ሺህ። የልጅቷ አባት በአዲስ ሸሚዝ ቆሞ ሁሉንም ይጨብጣል። ደብተሩ ይቀመጣል። ነገ የአንተ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይሄ ቤት ያንኑ ያህል ወይም ጨምሮ ይመልሳል። ዕቁብ ነው በሉት፣ ዕጣው ልጅ ሲያልፍ የሚወጣ። ወሬው ደግሞ ዕቁብ ላይ የማይኖር ነው፣ ማን ስንት እንደሰጠ እስከ ማግስቱ ይነገራል።

ስለዚህ ጓደኛዬ አልመለስም ሲል እናትና አባቱን ብቻ አይደለም የሚያስቀይመው። ደብተሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አለ።

---

አቤ ከኮተቤ

ኧረ ይሄ ልጅ ታስሯል በሉኝ።

---

ወለላ

ደስም ይላል ያስፈራልም። ሴት ልጅም ይደገስላታል ማለት ነው? መሬትስ ትወርሳለች?

---

የጆግጃ ተማሪ

ይደገስላታል፣ ነርሲንግ የምትገባው ልጅ ምስክር ነች። መሬት ላይ ግን አይደለም። ማንጋራይ በአባት ነው የሚቆጥሩት፣ መሬት የሚከፈለው ለወንድ ነው። ሴት ስታገባ ደግሞ ጥሎሽ አለ፣ «በሊስ»፣ የወንዱ ወገን የሚከፍለው። በግ ወይም ፍየል እንዳይመስልሽ፣ ጎሽና ፈረስ ነው፣ አሁን አብዛኛው በብር ሆኗል። ልጅቷ ዲግሪ ካላት በሊሱ ይጨምራል። ጓደኛዬ ይሄን ሲነግረኝ ራሱን ይዞ ነው።

---

የወረዳው ሰው

እኔ የልማት ሥራ ላይ ስለሆንኩ ስለ መንደር በጀት ልጨምር። ኢንዶኔዥያ በ2014 የመንደር ሕግ አወጣች። ከ2015 ጀምሮ ከማዕከላዊ መንግሥት በቀጥታ ለመንደሩ ገንዘብ ይላካል፣ «ዳና ዴሳ» ይባላል። 75 ሺህ ገደማ መንደር አለ፣ እስከ 2025 ባሉት የቅርብ ዓመታት ለእያንዳንዱ በዓመት በአማካይ አንድ ቢሊዮን ሩፒያ አካባቢ ይደርሰው ነበር። ቢሊዮን ሲባል አትደንግጡ፣ በዶላር ከ60 እስከ 70 ሺህ ነው። ግን መንደር ነው! የእኛ ቀበሌ ይሄን ቢያይ ያብዳል።

ፖንጎክ የሚባል የጃቫ መንደር አለ፣ ክላተን አካባቢ። ድሃ ነበር። ያለው ምንጭ ብቻ ነው። በ2009 የመንደሩን የራሱን ድርጅት አቋቋሙ፣ ምንጩን መዋኛ አደረጉት። ሰው ውሃ ውስጥ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል። ቂል ነገር ይመስላል፣ ግን ገቢው በዓመት ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ ደርሷል። ከዚያ ላይ ለተማሪዎቻቸው ይከፍላሉ። ቾሎል ከዚህ ምን አገኘ?

---

የጆግጃ ተማሪ

መንገድ፣ የውሃ ቧንቧ፣ የማጠቢያ ቦታ አገኘ። ጥቅሙ ይታያል። ግን የመንደሩ አለቃ ማን ነው የሚለው ሁሉን ይወስናል። የአንዱ ዘመድ ሰፈር ሲሚንቶ ይደርሰዋል፣ የሌላው አይደርሰውም። በዚህ ገንዘብ የታሰሩ የመንደር አለቆች በየክፍለ ሀገሩ ሞልተዋል። ይባስ ብሎ በ2024 ሕጉ ተሻሽሎ የአለቃው ዘመን ከ6 ወደ 8 ዓመት ከፍ አለ። ጥሩ ሰው ከሆነ ስምንት ዓመት ጸጋ ነው። ካልሆነ...

ደግሞ ፖንጎክ ምንጩ የራሱ ነው። ቾሎል ውስጥ ድንበሩ ያልጠራ ማሳ ላይ የመንደሩ ገንዘብ ማሽን ሊተክል ይችላል? አይችልም። ባንክም አያበድርም፣ የይዞታ ወረቀት የሌለው መሬት መያዣ አይሆንም። ጅማ ሰፈር የጠየቀው «ኪስ ውስጥ ብር» የሚጠፋው ከዚህ ነው። ወረቀት የለም፣ ስለዚህ ባንክ የለም፣ ስለዚህ ኢጆን።

---

ተጠራጣሪው

ፍርድ ቤት አልሄዱም?

---

የጆግጃ ተማሪ

ትልቁ ድል በ2013 ነው የመጣው፣ ቾሎል ራሱ የከሰሰው ባይሆንም። የአገሪቱ የነባር ሕዝቦች ኅብረት ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዶ ረታ። «የነባር ማኅበረሰብ ደን የመንግሥት ደን አይደለም» ተባለ። ሰው አለቀሰ በደስታ። ግን ውሳኔው ወደ መሬት እንዲወርድ አውራጃው ማኅበረሰቡን በደንብ መዝግቦ ማወቅ አለበት፣ ከዚያ ካርታ፣ ከዚያ ሚኒስቴር። ይሄ ዓመታት ይበላል። ቾሎል ላይ በሽማግሌዎች፣ በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት መሃል ስምምነት ተደርጎ ነገሩ በርዷል። (ፍሎረስ ካቶሊክ ነው፣ ቄስ የሚናገረውን አስተዳዳሪው ይሰማል።) የበረደ ነገር ግን የተፈታ ማለት አይደለም።

እንዲያውም እዚያው ማንጋራይ ውስጥ ፖቾ ሌኦክ የሚባል አካባቢ አዲስ ጭቅጭቅ አለ። በ2017 መንግሥት ፍሎረስን «የጂኦተርማል ደሴት» ብሎ ሰየመ። የኡሉምቡን የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ወደ እነሱ መሬት ሊያሰፋ ሲል ሴቶቹ ሳይቀሩ መንገድ ላይ ቆሙ። ልማት አንፈልግም አላሉም። «ደግመን አንነቀልም» ነው ያሉት።

---

ሰብለ ከጅዳ

ታዲያ ይሄ ልጅ አግሮኖሚ ከሚማር ሕግ ቢማር ይሻል ነበር።

---

ጅማ ሰፈር

እህቴ እውነትሽን ነው፣ ግን አሁን አግሮኖሚስቱን ነው ያገኘነው። እኔ የምለው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ይመለስ፣ ግን ባዶ እጁን አይደለም። ጃካርታ ሁለት ሦስት ዓመት ይሥራ፣ ቡና ከሚቆሉ ቤቶች ጋር ይተዋወቅ። ጃካርታ ውስጥ የቡና ቤት ነገር ፈልቷል ሲሉ እሰማለሁ። ጁሪያን ለብቻው የሚገዛ ሁለት ሰው ካገኘ ይበቃዋል። ከዚያ ቀይ እሸት ብቻ ለቅመው የሚያመጡ ሃያ ቤተሰብ ይያዝ፣ ሃምሳ አይበል። እኛ ጋ የወደቁት ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት መንደሩን በሙሉ ካልያዝን ያሉት ናቸው። ባለ ሱቁን ደግሞ ጠላት አያድርገው። መኪና ያለው እሱ ነው።

---

የጆግጃ ተማሪ

ሁሉን ተርጉሜ አነበብኩለት። «ባለ ሱቁን ጠላት አታድርግ» የሚለው ላይ ሳቀ። ባለ ሱቁ አጎቱ ነው ለካ! ይሄን እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ደብተሩን በተመለከተ ደግሞ ተቆጣኝ። «እዳ አድርገህ ነው የጻፍከው፣ እኛ እንደዚያ አናየውም» አለኝ። የእሱ ቃል ነውና አስቀምጬዋለሁ።

ለጅማ ሰፈር አንድ ጥያቄ አለው፦ እናንተ ጋ ማኅበራት ትርፍ እንዴት ይካፈላሉ? እነሱ ጋ ማኅበር ተብሎ ብዙ ጊዜ ተጀምሯል፣ ሊቀ መንበሩ ሞተር ሳይክል ሲገዛ ይበተናል።

---

ጅማ ሰፈር

ሞተር ሳይክሉ እኛም ጋ አለ፣ አይዞህ በለው። በምሳሌ ልንገረው። በ1999 የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ከትርፉ 70 በመቶውን ለአባል መሠረታዊ ማኅበራት ይመልሳል፣ ቀሪውን ለራሱ ሥራ ይይዛል። መሠረታዊ ማኅበሩ ደግሞ ገበሬው ባስገባው ኪሎ ልክ ያካፍላል። ዋናው ነገር ገበሬው ሁለት ጊዜ መቀበሉ ነው፦ አንዴ ሲያስረክብ፣ አንዴ ሲሸጥ። ሁለተኛው ብር ትምህርት ቤት ሲከፈት እንዲደርስ ያድርግ። ያን ጊዜ ነው ሰው ወደ አጎትየው ሱቅ የማይሮጠው። የደረሰኙን አሠራር ከፈለገ በግል መልእክት ላክልኝ፣ እኛ የምንጠቀምበትን ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ።